የሚካኤል ዕለት አቧራ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2003 ዓ.ም.

በረዶው ረፋዱ ላይ እንኳ አልቀለጠም ነበር። በየቦዩና በየካቡ ጥግ ነጭ ሆኖ ተከምሯል። ትናንት ማምሻውን «አስታ ሜዳን በረዶ መታው» ሲሉኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ዛሬ ጠዋት የማስተምርበትን ጫማ እንኳ ሳልቀይር ከንፋስ መውጫ ወጣሁ። አስታ ሜዳ ያደግሁበት አገር ነው። ወንድሜ ባዜ እዚያ ይኖራል፤ ታላቄ ስለሆነ ስጠራው አያ ባዜ ነው የምለው።

ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። አሁን ማሳ የሚባል ነገር የለም። አገዳው ተሰባብሮ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ፍሬው ጭቃ ውስጥ ነው። አያ ጓሉ ማሳ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የሟቹ አባታችን ባልንጀራ ናቸው፤ በልጅነቴ አዝለውኛል። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለው የረገፈውን ፍሬ በእጃቸው ይለቅማሉ። «እንዴት አደሩ አያ ጓሉ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ለቀማቸው ተመለሱ። ሰላምታ የማይመልሱ ሰው አልነበሩም።

ከዚያ የባዜን ማሳ አየሁ። ቆሟል! ከሸንተረሩ ማዶ ስለሆነ ይሁን በምን፣ አንድ አገዳ አልተነካም። «ተመስገን!» አልኩ ጮክ ብዬ። ወዲያው ዞር ብዬ ሰው እንዳልሰማኝ አየሁ። አፈርኩ።

«ሰው ምን ሆኗል?» አልኩት ባዜን ቤት ስገባ። ሳያየኝ ነገረኝ። ትናንት ሚካኤል ነበር። አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ እሱና የሌላ አጥቢያ ሰዎች ከመንደሩ በላይ ካለው ነጭ ጉብታ ገረጋንቲ ሲቆፍሩና መኪና ላይ ሲጭኑ ዋሉ። ለአዲሱ መንገድ ነው። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ አቧራው ከጉብታው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ሁሉም አየው። ማምሻውን ሰማዩ ጠቆረ። የቀረውን እኔም አይቼዋለሁ።

«ሹፌሩን ሌላ ቀን ና አትለውም ነበር?»

«ብዬዋለሁ። ሌላ ቀን የለኝም አለ።»

ባዜ ለምን እንደቸኮለ አውቃለሁ። ሚስቱ ደብሬ ወሯ ኅዳር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደም አልቆም ብሎ ከሞት ነው የተረፈችው፤ ልጁ ግን አልተረፈም። የጤና ባለሙያዋ «የሚቀጥለውን ቤት እንዳትወልጂ፣ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ነይ» ብላታለች። ንፋስ መውጫ ደግሞ እስካሁን በቃሬዛ ነው የሚደረሰው፣ በሰው ትከሻ። ባዜ መንገዱ ለኅዳር እንዲደርስ ፈልጎ ነው።

ወደ ከተማ ስመለስ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ «በረዶውም ጌታውን ያውቃል» ሲባባሉ ሰማሁ። የባዜ ማሳ ስለተረፈ ነው። አልዞርኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 14

ዛሬም ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። አይ፣ መሄዴስ ደግ ነው። እንጃ።

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ሞላ አስተማሩ። ቄስ ሞላን በሁለት በኩል አውቃቸዋለሁ፦ የአስታ ሜዳ ቄስ ናቸው፤ ንፋስ መውጫ ደግሞ የማታ ተማሪዬ ናቸው፣ አሥረኛ ክፍል። ትምህርት ባለ ማታ ከተማ እህታቸው ቤት ያድራሉ። ከክፍሉ ሁሉ ጠያቂ እሳቸው ናቸው። የሚገርመው፣ ክፍል ውስጥ «እርስዎ» ይሉኛል፤ ከበሩ ሲወጡ «አንቺ»።

ስብከታቸውን እንደማስታውሰው ልጻፍ፦ «ልጆቼ፣ በዓል ብንሽር ምን አለበት ትላላችሁ። ሐሙስ ማታ መምህርታችን ጥሩወርቅ ምን አለችን? ያለ አቧራ በረዶ የለም አለችን! አፈሩ ከምድር ይነሣል፣ ደመና ይገባል፣ ውሃው እሱን ይዞ ይጠጥራል። እግዚአብሔር ሥራውን በሥርዓት ነው የሚሠራው። በበዓሉ ቀን ያነሣኸው አፈር ራስህ ላይ ይመለሳል።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። የእኔ ትምህርት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነገረ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከእኔ ደግሞ ወደ ባዜ ዞረ። ያኔ ነው የገባኝ።

ሲወጡ ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ቆመው ተማከሩ። ነገሩ በሚመጣው እሑድ፣ በማርያም ዕለት ይታያል ተባለ። የሚጠየቀው ባዜ ከማኅበሩና ከእድሩ እንዲወጣ ነው። አንዱ ቃሉን ሲደረድር ሰማሁት፦ ለቅሶው አይለቀስ፣ ደቦው አይወጣ፣ በሽተኛው አይታዘል።

በሽተኛው አይታዘል! ቃሬዛ እኮ በሁለት ሰው አይሆንም። አቀበትና ቁልቁለት ነው፤ ሰው እየተፈራረቀ ነው የሚሸከመው፣ መንደሩ በሙሉ። ደብሬን ማን ሊያወጣት ነው?

ባዜ እስከ ወንዙ ሸኘኝ። ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ «ይኼን ነው ለሰው የምታስተምሪው?»

ሰኞ፣ ጥቅምት 15

ክፍል ውስጥ አፌ ይናገራል፣ ልቤ አስታ ሜዳ ነው። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ይኼን ቅድም ጽፈሽዋል እኮ» አለኝ።

ረጋ ብዬ ልጻፈው። ሐሙስ ማታ ምን ነበር ያልኩት?

አንደኛ፦ ንጹሕ የውሃ ጠብታ ዜሮ ዲግሪ ስለደረሰች ብቻ አትጠጥርም። ደመና ውስጥ ከዜሮ ብዙ ወርዳም ውሃ እንደሆነች ትቆያለች። እውነት ነው።

ሁለተኛ፦ ለመጠጠር መነሻ ትፈልጋለች። ከምድር የተነሣ ብናኝ፣ በተለይ ከድንጋይ የደቀቀው፣ መነሻ ይሆናታል። ውሃው ብናኙ ላይ ተሰልፎ ይረጋል፤ ከዚያ ሌላው እየተደረበበት ያድጋል። ይኼም እውነት ነው።

ሦስተኛ፦ «ያለ አቧራ በረዶ የለም።» ይኼኛውን ለማሳመር ነው የጨመርኩት። የማታ ተማሪዎች ቀን ሲሠሩ ውለው ስለሚያንቀላፉ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ጣል አደርግላቸዋለሁ። ብርዱ እጅግ ሲበረታ ያለ አቧራም ይጠጥራል። እሱን ሳልናገር ደወል ተደወለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ግን የማላውቀው ከማውቀው ይበልጣል። የዚያ ጉብታ አቧራ በግማሽ ቀን ደመናው ድረስ ይወጣል? ከበረሃ ተነሥቶ ብዙ አገር አቋርጦ የሚመጣ አቧራ እንዳለ ተምሬያለሁ። ዓርብ ደመናው ውስጥ የነበረው የማን አቧራ ነው? የመምህሩ መምሪያ ስለዚህ ሁለት መሥመር ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱም ካልኩት ያነሱ ናቸው።

አልማዝ ጋ ደወልኩ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል፣ አሁን ባሕር ዳር ስለ አየር ጠባይ ሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። ነገርኳት። «እሱማ ይወሰናል» አለች።

«በምን?»

«በብዙ ነገር። ብናኙ ሲበዛ ውሃው ለብዙ ፍሬ ይከፋፈላል፤ ፍሬው ትናንሽ ሆኖ መንገድ ላይ ይቀልጥና ዝናብ ይሆናል። ብናኙ ሲያንስ ደግሞ ጥቂቶቹ ብቻቸውን እየጠጡ ይወፍራሉ። ገብስ የሚመታው ወፍራሙ ነው።»

«ስለዚህ አቧራው በረዶውን አሳንሶትም ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ወንድሜ ምስጋና ይገባዋላ!»

«ኧረ እንደሱም አይባልም። አባብሶትም ሊሆን ይችላል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ስዘጋ ግን እንባዬ መጣ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16

ቄስ ሞላን ከክፍል በፊት ያዝኳቸው፣ ግቢው ውስጥ፣ ገና «አንቺ» ሳሉ። ፊታቸው ሙሉ ደስታ ነው፤ መቆጣት አቃተኝ።

«ይኼን ነገር ስንት ዘመን ስፈልገው ኖርኩ መሰለሽ» አሉኝ። «ጎረምሶቹ ‹አባ፣ በሚካኤል መታረሱና በረዶው ምን አገናኛቸው?› ይሉኛል። ‹እሱ ያውቃል› ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። አንቺ መልሱን ሰጠሽኝ።»

«አባ፣ አቧራ እኮ በዓል አያውቅም። ማክሰኞ ቢነሣም ያው አቧራ ነው።»

«እሱስ ነው። ግን ማክሰኞ አልተነሣም፤ በሚካኤል ነው የተነሣው።»

ምን ይባላል? ሎጂኩ ውስጥ ቀዳዳ ፈለግሁ፣ አለ፣ ግን የት እንዳለ ቶሎ አልያዝኩትም።

«ተሳስቻለሁ ብዬ ብናገርስ?»

«ተሳስተሻል?»

«እንጃ።»

«እንግዲያ እንዴት ተሳስቻለሁ ትያለሽ?»

ይኼ ነው ጉዱ። ያልኩት ሐሰት ነው ብል እዋሻለሁ። እውነት ነው ብል ወንድሜን አስፈርድበታለሁ። አልማዝ እንዳለችው «ይወሰናል» ብል ደግሞ ማን ይሰማኛል?

ስለ ደብሬ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «አስቤያታለሁ» አሉ። «እኔ ራሴ ቃሬዛውን እይዛለሁ። ግን የኔ ልጅ፣ አንድ ሰው ቃሬዛ አይሸከምም።» ከዚያ ክፍል ገባንና «እርስዎ» ይሉኝ ጀመር። ዛሬ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ልሞክረው! ሰማይ ላይ ያለውን ባላውቅ፣ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ልወቅ።

የያዝኩት፦ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ፤ የታጠቡ የፕላስቲክ ጠርሙሶች፤ ከትምህርት ቤት ቴርሞሜትር፤ አዲሱ መንገድ ላይ ከተራገፈው የጉብታው ገረጋንቲ ያፈስኩት ነጭ አቧራ በወረቀት ጠቅልዬ። የጎደለው ፍሪዘር ነበር። እትዬ ስንዱ መጠጥ ቤት አላቸው፣ አከራዬም ናቸው። «ለሳይንስ ነው» አልኳቸው።

«ሳይንስሽ ቢራዬን ያፈነዳብኝና!» አሉ። ጾም ስለሆነ ፍሪዘሩ ባዶ ነበር፤ እያጉረመረሙ ፈቀዱ።

ሐሳቤ እንዲህ ነው፦ ንጹሑ ውሃ ከዜሮ በታች ወርዶ ሳይጠጥር ከቆየ፣ አቧራ እጨምርበታለሁ። አቧራው ምንም ካላደረገ፣ እሑድ ተነሥቼ «አባቶቼ፣ የጉብታው አቧራ ዋጋ የለውም» እላለሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሙከራው እንዳይሠራ የምትጸልይ የፊዚክስ መምህርት!

በመጀመሪያው ሙከራ ሁሉም ጠጠረ፣ አቧራ ያልነካውም ጭምር። ብዙ አቆይቼዋለሁ መሰለኝ። ለሁለተኛው ሳዘጋጅ መብራት ጠፋ። እትዬ ስንዱ «ይኼውልሽ፣ እንኳን ሰማዩ ፍሪዘሩም አልታዘዘሽ» ብለው ሳቁብኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

ሠራ።

ከሰዓት መብራት መጣ። ጠርሙሶቹን ጨርቅ ላይ አጋድሜ በየጊዜው እየሮጥኩ አየኋቸው። ከጎኑ ባስቀመጥኩት ቴርሞሜትር ከዜሮ በደንብ ወርዷል፤ አንዱ ጠርሙስ ግን ውሃ ነው! ጥርት ያለ ውሃ። እንደ ሕፃን ልጅ ቀስ ብዬ አወጣሁት። ክዳኑን ከፈትኩ። ከነጩ አቧራ በጣቴ ጫፍ ቆንጥሬ ጣል አደረግሁበት።

አቧራው ከነካው ቦታ ነጭ ነገር ተነሣና ወደ ታች ሮጠ። ስሩ ድረስ። ዓይኔን ሳልጨፍን ጠርሙሱ በሙሉ ነጭ ሆነ።

ጮኽኩ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አላየሁም። እትዬ ስንዱ እየሮጡ መጡ፣ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ፣ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩ። ስንት ዓመት በቾክ ስስለው የኖርኩት ነገር እጄ ላይ ሆነ። ዘለልኩ።

ከዚያ ተቀመጥኩ። የባዜን ጥፋት በገዛ እጄ ያረጋገጥኩ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19

ደግሜ ሞከርኩት። ዛሬ ሌላ ጠርሙስ ሳወጣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ነካ አደረግሁት። አቧራ ሳይጨመርበት ጠጠረ!

ስለዚህ ትናንት ያጠጠረው አቧራው ነው ወይስ ጣቴ? ወይስ ክዳኑን ስከፍት ማንቀሳቀሴ? ሌላኛው ጠርሙስ ደግሞ አቧራውን ጨምሬበት ዝም አለኝ፤ ውሃ ሆኖ ቀረ። ምናልባት በቂ አልቀዘቀዘም ነበር። ምናልባት።

አቧራ መነሻ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ያረጋገጠው ነገር ነው። ግን ይኼኛው ጠርሙስ በዚህኛው ቀን በምን እንደጠጠረ ጠርሙሱን በእጄ ይዤ ልናገር አልቻልኩም። እትዬ ስንዱ ፍሪዘሩን ለቅዳሜ ቢራ ፈለጉት፣ ጠርሙሶቼን አወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

አስታ ሜዳ ነኝ፤ እዚህ አድራለሁ።

ደብሬን «ዛሬውኑ በቅሎ ተከራይተን እኔ ቤት እንሂድ፣ እስክትወልጂ እኔ ጋ ተቀመጪ» አልኳት። ስመጣ ያሰብኩት መፍትሔ ይኼ ነበር። ራሷን ነቀነቀች።

«ሸሸች ይሉኛል» አለች። «ነገ ፍርድ ተቀምጦ ዛሬ ቤቴን ጥዬ ብወጣ፣ ጥፋተኛ ነን ማለቴ አይደለም? እሱንስ ለማን ትቼው?»

«ነፍስሽ ይበልጣል እኮ!»

«መውለጃዬ ገና ኅዳር ነው።»

ባዜ እንድትሄድ ለመናት፣ ተቆጣት፣ መልሶ ለመናት። እሷ ግን ሆዷን ይዛ ወደ ምድጃው ዞረች። ግትርነቷ ያናድዳል። እኔም ብሆን እንደሷ አደርግ ነበር መሰለኝ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ውሃ ስቀዳ ያገኘኋቸው ሴቶች ፊታቸውን አዞሩብኝ። አንዷ ብቻ በዓይኗ ሰላም አለችኝ፤ ሌሎቹ እንዳያዩዋት ጎንበስ ብላ።

እሑድ፣ ጥቅምት 21፣ ማርያም

ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ ከቅጥሩ ውጭ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ከኋላ። ባዜ መሐል ቆመ። ደብሬ ከእኔ አጠገብ ነበረች።

ባዜ አላቅማማም። «ሚካኤልን ሽሬያለሁ። አልክድም። የንስሐ አባቴ ያዘዘኝን ያህል እሰግዳለሁ። በረዶውን ግን እኔ አላወረድኩም» አለ።

«እህትህ ናት ያለችው!» አለ አንዱ። «ያለ አቧራ በረዶ የለም ብላለች።»

በዚያ ጉባኤ ሴት አትናገርም። ተነሣሁ። ጉርምርምታ ሆነ። ቄስ ሞላ «መምህሬ ናት፣ ትናገር» አሉ።

ሌሊቱን ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም። እንዲህ አልኩ፦

«አባቶቼ፣ ያልኩት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። አቧራ ለበረዶ መነሻ ይሆናል። ያ አቧራ የጉብታው ይሁን፣ የእናንተው እርሻና አውድማ ይሁን፣ ከሱዳን በረሃ በነፋስ የመጣ ይሁን፣ አላውቅም። የጉብታው ቢሆን እንኳ በረዶውን ያክፋው ያሳንሰው አላውቅም። የተማረች ሰውም ጠየቅሁ፣ እሷም አታውቅም። ሞከርኩት፣ ሙከራዬም አልነገረኝም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታስተምሪው?» አለ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ምን ላድርግ።

አያ ጓሉ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ሳቁ ቆመ። ከሁሉ የባሰ የተመቱት እሳቸው ናቸው፤ አንዲት ቁና እንኳ አላዳኑም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አላውቅም አልሽ። ጥሩ፤ ቢያንስ አልዋሸሽም። ግን እኔ ልጠይቅሽ። ልጆቼ በምን እንደሚከርሙ አላውቅም። የባዜ ጥፋት ነው ቢሉኝ፣ ባዜን እጠላና ይወጣልኛል። የማንም አይደለም ካልሽኝ፣ ይኼን ንዴቴን የት ላድርገው?»

አለቀስኩ፣ እዚያው በሰው ፊት። ስለ ባዜ ይሁን ስለ አያ ጓሉ እንጃ።

ቄስ ሞላ ተነሥተው ተናገሩ። «እኔም ባልጨረስኩት ትምህርት ነው የሰበክሁት። በዓል መሻሩ የንስሐ አባቱ ነገር ነው። የበረዶው ነገር ለኅዳር ሚካኤል ይደር።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይደር ተባለ።

«እስከዚያስ?» አለ አንዱ ከጀርባ።

ሰዉ ሲበተን ባዜን ሰላም ይበሉት አይበሉት ግራ ገብቷቸው ነበር። አንዱ እጁን አነሣና መልሶ ራሱን አከከ። ሌላው ሰማዩን እያየ «እንዴት ነው?» አለ፤ ለባዜ ይሁን ለሰማዩ አልታወቀም። እኛም አናውቅም፤ ከእድሩ ወጥተናል ወይስ አልወጣንም?

ሰኞ፣ ጥቅምት 22

ንፋስ መውጫ፣ ጤና ጣቢያ። አሁን ካልጻፍኩት ነገ እውነት መሆኑን አላምነውም።

ትናንትም እዚያው አስታ ሜዳ አድሬ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ደብሬን ምጥ ያዛት። ያለ ወሯ። ደግሞ ደም አየን። ባዜ ቃሬዛውን አወጣ፣ ገመዱን አጠበቀ፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ጥራ እንጂ!» አልኩት።

«ምን ብዬ?» አለ። «ለኅዳር ያደረ ሰው ነኝ እኮ። ቢመጡ ይመጣሉ፣ ባይመጡ ምን ብዬ ነው የምጠራ?»

እኔ ሸንተረሩ ላይ ወጣሁ። «የሰው ያለህ!» ብዬ ጮኽኩ። በዕድሜዬ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። በየደጁ ሰው ወጣ። አያቸዋለሁ። ቆመው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ክፋት አልነበረም፤ አሁን ሳስበው ክፋት አልነበረም። አልተወሰነም። መምጣት ያስቀጣ አያስቀጣ አያውቁም፣ ማንም ቀድሞ መሆን አልፈለገም። እኔ ግን ያኔ ሁሉንም ረገምኩ። ስማቸውን እየጠራሁ።

ከሁሉ ቀድመው የወጡት አያ ጓሉ ናቸው። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ እኚያ ሽማግሌ፣ በሩጫ። እኔን አልፈው ቁልቁል ወረዱ፣ ባዜን ቀና ብለው ሳያዩት የቃሬዛውን የፊት እጀታ ያዙ። ከዚያ ወደ መንደሩ ዞረው ጮኹ፦

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? አልተወሰነም አይደል እንዴ!»

መጡ። ከየት እንደመጡ አላየሁም፤ ከኋላችን የሩጫ ድምፅ ብቻ ነበር። ቄስ ሞላ ወንዙ ጋ ደረሱብን። ትከሻ ለትከሻ እየተለዋወጡ፣ «አይዞሽ ደብሬ፣ አይዞሽ እናቴ» እያሉ። አያ ጓሉን «ይልቀቁ፣ ይደክምዎታል» ሲሏቸው አልለቀቁም። አዲሱ መንገድ ላይ ስንደርስ አንድ አይሱዙ ገረጋንቲ ሲያራግፍ አገኘን፤ ሹፌሩ ገና ሳንለምነው በሩን ከፈተ።

ሴት ልጅ ናት። ደሙ ቆሟል። አዋላጇ «ትንሽ ብትዘገዩ» ብላ አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሸክሙን ያመጡት ሰዎች ተመለሱ። አያ ጓሉ ግን ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ባዜ ውሃ አመጣላቸው፤ ተቀበሉት፣ ጠጡት፣ ጣሳውን መለሱለት። እሱ ሲገባ እኔን በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ትናንት ከሱዳን ሊሆን ይችላል ያልሽው አቧራ እውነትሽን ነው?»

«ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት አያ ጓሉ። ነው አላልኩም።»

«ገብቶኛል።» ዱላቸውን እየተደገፉ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አራገፉ። «ሱዳን ሩቅ ነው» አሉ። «እንዲያ ሩቅ ያለ ሰው ላይ ቂም መያዝ አይመችም።»

ሳቁ ወይስ አልሳቁም እንጃ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። የመንገዱን ዳር ይዘው ወደ አገራቸው ሄዱ።

በኅዳር ሚካኤል ምን እንደሚወሰን አላውቅም። እሳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም። ደብሬ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ባዜ ሕፃኗን መታቀፍ ፈርቶ እኔ ላይ ጥሎብኛል፣ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።